ፈረሱ አርፎ ልቤ ሲጋልብ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ጥር በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሠርጉ ላይ የነበረ ሰው ዛሬም ሲያገኘኝ ሳቁን መያዝ አይችልም። ይሳቅ፤ ያን ቀን ሞቼ ቢሆን ኖሮ የሚስቅ አይገኝም ነበር።

የምኖረው እንጅባራ ሲሆን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ብውልም የአዊ ልጅ ነኝና ፈረስ ላይ ውጣ ስባል እምቢ አልልም። ሙሽራ በፈረሰኛ ካልታጀበ ሠርጉ ሠርግ አይመስለንም። የሙሽራው አጎት ደግሞ ከኋላ ቀርቶ የሰው አቧራ ሲጠጣ አይታይም።

ነገር ግን ለማንም ያልነገርኩት አንድ ችግር ነበረብኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ልቤ አልፎ አልፎ ድንገት ተነሥቶ በኃይል መምታት ጀምሮ ነበር። አንዴ ለሥራ ወደ ዳንግላ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ጀመረኝ፤ ሌላ ጊዜ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጊዜ ጸጥ ይላል። ለባለቤቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ፈረሰኛ ሆኖ «ልቤ እየመታ አስቸገረኝ» የሚል ሰው ምን ተብሎ እንደሚታማ አውቃለሁ። ፈሪ ነው የሚባለው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹን አጅበን ወደ እህቴ ቤት ስንመለስ፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ ፈረሶቹን ለቀቅናቸው። የጋለብኩት የአያ ሙላትን ዳማ ፈረስ ነበር። አያ ሙላት የእህቴ ባል ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው። እልልታው ሲቀልጥ ዳማውን ሽምጥ ጋለብኩት። አንዳንዶቹን ወጣቶች ቀድሜ ሳልፍማ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ስወርድ ልቤ ይደልቃል። ጋልቤ የለ እንዴ፣ ያለ ነው ብዬ ዳሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ምግብ ቀረበ። አንድ ሰው አጎረሰኝና መዋጥ አቃተኝ። ልቤ ይበርዳል ስል ጭራሽ ባሰበት። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የሚያወራው ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። እንዲያም ሆኜ ዝም አልኩ። ሙሽሮቹ ሳይበሉ ሠርግ ላይ መሞት ነውር መስሎኝ ይሆናል።

አያ ሙላት የፈረሱ ላብ እስኪደርቅ ውጪ ሲያንሸራሽሩት ቆይተው ገቡ። አዩኝና ቆሙ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም አያ፣ ግልቢያው ነው።»

ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ዳማው ላቡ ደርቆ ሣር እየጋጠ ነው። አንተ ገና እየጋለብክ ነው። ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። «አያ፣ ከዚህ በፊትም ይነሣብኝ ነበር። ፈራ እንዳልባል ብዬ ነው።»

«አሁን ፍራ» አሉኝ።

ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡኝ። እህቴ እያለቀሰች ጠበል ይምጣለት ትላለች፤ በር ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ «ዓይን ነው፣ አጋለቡ አምሮበት ነበር» ይላሉ። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ እንኳ «አምሮበት» የምትለዋ አላመለጠችኝም። አያ ሙላት «ጠበሉ ነገም ይደርሳል» ብለው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ።

ከአጃቢዎቹ አንዳንዶቹ የሠርግ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በፈረስ ተከተሉን። ከተማው መግቢያ ላይ ያየን ሰው ሙሽራው ባጃጅ ውስጥ ያለ መስሎት እልል ብሏል።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ደረቴ ላይ ሽቦ አስለጥፋ የልቤን ምት አየችና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ልብዎ እንዲበርድ አጥብቀው ይንፉበት፣ በቃ እስክልዎ እንዳያቆሙ» አለችኝ። ነፋሁ። ወዲያው በጀርባዬ አስተኝተው አንድ እግሬን ነርሱ፣ አንዱን አያ ሙላት ይዘው ሽቅብ አነሡት። ምንም ለውጥ የለም። አያ ሙላት በአዊኛ ፈጣሪን ሲለምኑ ሰማኋቸው። ልጆቼ ትዝ አሉኝ።

«እንደገና» አለች ሐኪሟ። እንደገና ነፋሁ፣ እንደገና እግሬን አነሡት። ልቤ ቆም ያለ መሰለኝ። ከዚያ ልጓሙ እንደተሳበ ፈረስ ቀስ ብሎ መርገጥ ጀመረ። ደረቴ ቀለለኝ፣ አየሩ ገባልኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

አያ ሙላት እግሬን ሽቅብ እንደያዙ «ምነው፣ አጥብቄ ያዝኩህ እንዴ?» አሉኝ።

ሐኪሟ እየሳቀች የልቤን ምት የሚያስኬደው መስመር ላይ ችግር እንዳለ ነገረችኝና ባሕር ዳር ለልብ ሐኪም ጻፈችልኝ። የቀድሞውንም ስነግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ሲሮጥም ሲደነግጥም ልቡ ይመታል፤ ሲያርፍ ይበርዳል። ያለ ምንም ምክንያት የሚነሣብዎትን ግን ያኔውኑ መጥተው መታየት ነበረብዎ። ዐርፈው ተቀምጠው አልበርድ ካለ፣ ወይም ራስዎን ካዞረዎት፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ምሳው እስኪበላ አይጠብቁም።»

ዛሬ ክትትል ላይ ነኝ፤ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ባለቤቴም ሁሉን ነገር ታውቃለች፤ ስለ ደበቅኳት ያለችኝን ግን እዚህ አልጽፈውም። ቀስ ብዬ እንድጋልብም ተፈቅዶልኛል። ከፈረስ በወረድኩ ቁጥር አያ ሙላት መጀመሪያ እጃቸውን ከዳማው የፊት እግር ሥር አስገብተው የልቡን ምት ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። ያ ሁሉ ፈረሰኛ ቆሞ ያየናል። ድሮ ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አሁን የኮቴን የደረት ቁልፍ ራሴው ፈትቼ እጠብቃቸዋለሁ።