ተማሪ የሌለው አስተማሪ

በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፈትሩኝ፣ ከአርባ እስረኛ መሃል ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጠላቴ ላይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አየሩ ጨውና ላብ ይሸታል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

«አንተም መጣህ?» አለኝ። ቦታ ግን አልለቀቀልኝም።

እኔ አሰብ ከተማ፣ አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ቴኳንዶ አስተምር ነበር። የተማርኩት መርከቡ እስኪጠገን ወደቡ ላይ ወራት ከተቀመጠ ኮሪያዊ መርከበኛ ነው። ጠላቴ ደግሞ የወደብ ሠራተኛ ሆኖ ማታ ማታ ካምቦ ሱዳን የሚባለው ሰፈር ካራቴ ያስተምር ነበር። የእኔን «የመርከበኛ ጭፈራ» ይለዋል፤ እኔም የእሱን «ከሲኒማ የተለቀመ» እል ነበር። በየዓመቱ ባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተማሪዎቻችንን እናጋጥም ነበር። ስለዚህ የእኔን ተማሪዎች ከነስማቸው፣ ከነሰፈራቸው ያውቃቸዋል።

የታሰርኩት «ለሸማቂ ወጣት ታሠለጥናለህ» ተብዬ ነው። የተማሪዎቼን የስም መዝገብ፣ ወታደሮቹ በር ሲያንኳኩ ከሰል ምድጃው ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሃያ ሦስት ልጆች ነበሩ። ከዚያ ክፍል «ዕቃህን ያዝ» ተብሎ የወጣ ሰው እንደማይመለስ በመጀመሪያው ቀን ተነገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው ለእሱ ሲጋራ ሰጠው።

«ይሄ ሰውዬ ጠላትህ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የተማሪዎቹን ስም ንገረኝና ዛሬውኑ ልጆችህ ጋ ትገባለህ።»

እሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«የምን ተማሪ፣ ጌታዬ?» አለና ሳቀ። «ከዚህ ደግሞ ማን ይማራል? ብቻውን አሸዋ ላይ ሲራገጥ ነው የሚውለው። ወላሂ፣ አንድ ተማሪ የለውም።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ እንኳ ተናድጄ ነበር። ኩራቴን እንደምንም ዋጥኩት።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ጀምሮ የሚቀር እንጂ የሚቆይልኝ የለም።»

«አንድ ስም ከሌላ ሰው ባገኝ፣ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለው መርማሪው ወደ እሱ ተመልሶ።

ክፍላችን ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጋ አለልኝ። «ወላሂ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስሙ ተጠራ። «ዕቃህን ያዝ።» ዕቃው አንዲት ሽርጥ ነበረች። ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። እግሬን ገጥሜ፣ እጆቼን ከጭኔ አጣብቄ፣ ተማሪ ለአስተማሪው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት። ጠባቂው «ተቀመጥ!» ብሎ ጮኸብኝ። አልተቀመጥኩም። እሱም ከበሩ ዞር ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ አጸፋውን መለሰልኝ።

እኔ በኋላ ተፈታሁ፤ ከሃያ ሦስቱ ልጆችም በዚያ ጉዳይ የተያዘ የለም። ዛሬ ሸብተው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ማስተር» ይሉኛል፤ ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። የእሱ ልጆች ግን አባታቸው የት እንደተቀበረ እስካሁን አያውቁም። ባለፈው አንደኛው «ከአባቴ ጋር ጠላት ነበራችሁ ይባላል» አለኝ።

«አዎ፣ ነበርን» አልኩት። የቀረውን ልነግረው ጀምሬ እንባዬ ቀደመኝ።