ጨረቃ ላይ የተንበረከከው ሽማግሌ

ፊደል የቆጠርሁት ሚስት አግብቼ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ ነው። በጣሊያን ዘመን ዓይኔ እንጂ ሌላ ደብተር አልነበረኝም። ጣጣው የመጣብኝም ከዚያው ከዓይኔ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ከገባ ሁለተኛ ክረምቱ አልፎ ነበር። እኔ አምበር አጠገብ ባለችው መሬታችን ቀርቼ የእሱንም የእኔንም ድርሻ አርሳለሁ። በወር አንዴ ወንዝ ዳር ወርጄ ቆሎና በሶ አደርስለታለሁ። በዚያ ዓመት፣ አጨዳው እንዳለቀ፣ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ ላይ ሲኒማ እናሳያለን ብለው በገበያ አስነገሩ። ጭቃ ሹሙ ከየጎጡ አንድ ሰው ይሂድ አለ። የእኛ ጎጥ እኔን መረጠ። ሀብታም ስለሆንሁ አይደለም፤ በዳኛ ፊት ቆሜ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ስለማላውቅ ነው። "እሱ አይቶ ይንገረን" አሉ።

በቀን ነበር፤ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡን። መስኮቱን በጆንያ ደፍነውታል። ፊት ለፊታችን ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ከኋላችን ሲኒማውን የሚያሳየው መኪና ያጓራል። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ቅኔ ቤት የኖረ፣ ምላሱ የተሳለ።

መጀመሪያ ያሳዩን በሬ ነው። ጥማድ በሬ፣ ገበሬ፣ ጅራፍ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"በሬ!" አልን።

"ሐሰት ነው?"

"እውነት ነው!"

ቀጥሎ ባቡር መጣ። አዲስ አበባ ደርሰው ያዩ ሰዎች ነበሩና "እውነት ነው!" አሉ። ቀጥሎ አውሮፕላን። እሱንማ ማን ያጣዋል፤ ጎተራችንን ያቃጠለው እሱ ነው። "እውነት ነው!" አልን ሁላችንም። ሦስት ጊዜ እውነት ነው ካሰኘን በኋላ አራተኛውን አመጣው፤ እንደ ዓሣ የሾለ የብረት መርከብ ከጭራው እሳት እየተፋ ተነሣ፣ ደመናውን ቀደደ፣ ሄደ ሄደና ጨረቃ ላይ ዐረፈ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚው አልጠየቀንም። አፋችን ለምዶ ነበርና ሳንጠየቅ "እውነት ነው!" አልን።

ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ዞር አሉ። "እናንተ፣ ጨረቃዋን ከወሰዷትማ ፋሲካን በምን ልንቆጥር ነው?"

ሰዉ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ። "አይዞዎት እማማ፣ አይወስዷትም። መንገድ ነው የሚሠሩባት።"

"ቆፋሪው ማን ሊሆን ነው?" አለ ከጎኔ የነበረ የይጁቤ እስላም፣ ጨው ነጋዴ።

"አንተ ነሃ!" አለው አንዱ ከኋላ።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር በሰደፍ ወለሉን መታ፤ ወደ አቡጀዲው ዞርን።

ጨረቃ ላይ ሰዎች ነበሩ። ለምድ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የተንጨባረረ። መርከቡን በድንጋይ መቱት። አንድ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ጦር ይዞ ከፊት ቆመ። ከመርከቡ የወረዱት ነጮች አንድ መስተዋት ነገር አወጡ፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ከሽማግሌው ጀርባ ያለው ተራራ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሽማግሌው ጦሩን ጣለና ተንበረከከ። ዳቦ ሰጡት። በላ። ሳቀ። የጨረቃው ሕዝብም ሁሉ ሳቀ።

አስተርጓሚው ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወንድሞቼ፣ ጨረቃ ድረስ የሄደ ሰው ጫካ ድረስ መሄድ ያቅተዋል?"

በአገራችን ሙግት ከሳሽ ሲናገር ተከሳሽ ይነሣና ይመልስለታል። አቡጀዲን ማን ተነሥቶ ይሞግታል?

ወደ አምበር ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ተከራከርን። ስለ ጨረቃዋ ነው የተከራከርነው። ግማሹ ይሆናል አለ፣ ግማሹ ምትሀት ነው አለ። ስለ ሽማግሌው መንበርከክ ቃል የተነፈሰ ግን የለም። እሱን ያለ ሙግት ውጠነዋል።

በሳምንቱ ወንድሜን ወንዝ ዳር አገኘሁት። የሲኒማውን ወሬ ሰምቶ ኖሯል።

"አየህ ወይስ ሰማህ?" አለኝ። እኛ ዘንድ ምስክር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼን ነው። ሰማሁ ያለ ይመለሳል፤ አየሁ ያለ ይምላል፣ ቃሉም ይጸናል። ማን አሳየህ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ግን የለንም።

"አየሁ ጋሼ።"

"በዓይንህ?"

"በሁለቱም።"

"ማል።"

"የአባታችን አጥንት ይውጋኝ።"

ቆሎውን መብላት ተወ። "ሰዎቹስ? የጨረቃዎቹ?"

"እጃቸውን ሰጥተው ገቡ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ሽማግሌያቸው ቀድሞ ገባ። ዳቦ ሰጡት።"

"ጺም ነበረው?"

"እንዳንተ" አልሁት።

ሐሰት አልተናገርሁም። ግን ብቻዬን ማረስ ሰልችቶኝ ነበር፣ እንዲገባልኝ እፈልግ ነበር። በዚህ ምኞቴ ላይ አልማልሁም፤ እሱም አልጠየቀኝ።

ወር ሳይሞላ ምንሽሩን ደብረ ማርቆስ ወስዶ አስረከበ። አልገደሉትም። እንዲያውም ዳቦ ሰጡት። ከዚያ አካፋ አስይዘው በሉማሜ በኩል መንገድ አስቆፈሩት። የጨው ነጋዴውን ቀልድ ያን ጊዜ አስታወስሁ፤ አላሳቀኝም።

ጣሊያን ሲወጣ ጓደኞቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው ከጫካ ወረዱ፤ አገሩ በእልልታ ተቀበላቸው። እሱን ባንዳ አሉት። በማኅበር ጽዋው ሲዞር እሱ ዘንድ ሲደርስ ዘሎት ያልፍ ጀመር። ሁለት ጊዜ ታገሠ፤ በሦስተኛው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበር አልሄደም። በወንድሜ ቃል ነው የገባሁት ብሎ ግን ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ይቀለኝ ነበር።

ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ብዙ ሲኒማ አየሁ። ሰማይ ላይ የሚዋጉ መርከቦች፣ ከኮከብ የመጡ ጭራቆች። ወጣቱ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያያል። እኔ መርከቡን አላይም፤ ማን ተንበረከከ፣ ማን ዳቦ ሰጠ፣ እሱን ነው የምፈልገው። የሲኒማ ሰዎች ብልሃት ውሸቱን መደበቅ አይደለም። ትልቁን ውሸት ፊት ለፊት አቁመው እሱን ስትሞግት ትንሿን ያጎርሱሃል። ደብረ ማርቆስ ያየሁት መርከብ ካርቶን፣ ተራራው ጭቃ መሆኑን አንድ የሲኒማ ሠራተኛ ነገረኝ። እየሮጥሁ ሄጄ ለወንድሜ ነገርሁት።

"ካርቶን?" አለ። ወደ በሬዎቹ ዞረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አምበር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሬዲዮው ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ አለ። ወንድሜ አርጅቷል፤ ጺሙ ነጭ ሆኗል። ወሬው እስኪያልቅ አዳመጠ።

"እንግዲህ አልዋሸህም" አለኝ። "ወጡ።"

"ወጡ ጋሼ።"

"ሰው አገኙባት አለ?"

"የለባትም አለ። ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው።"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ታዲያ የተንበረከከው ማን ነው?" አለኝ።