የዙሊኻ ጭስ

ኻምሳ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ ቂጣ ይዛ በግቢው በር ስትገባ ዙሊኻ ለዶሮዎቿ ጥሬ እየበተነች ነበር። ጎረቤቷን አየቻት፤ ቀጥላ ጨርቁን አየችው፤ እጇ ላይ የቀረውን ጥሬ ባንዴ ጣለችው። አልጄሪያ ውስጥ ከባሕር ዳሯ ከተማ ከአናባ በላይ ባለው በዚያ ተራራማ መንደር ቂጣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የሚሄደው ሰው ወደ ሞተበት ቤት ነው። ሀዘን የገባበት ቤት ሦስት ቀን እሳት አያነድም፤ የሚያበላው ጎረቤት ነው። ዙሊኻ ራሷ ስንቱን ሀዘንተኛ እንዲህ ስታበላ ኖራለች።

“ማን ሞቶብኝ ነው?” አለቻት።

ኻምሳ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ የዙሊኻ ባል ቡጀምዓ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። መርዶውን የሰማው ጠዋት ነው። ልጃቸው ሸምሱ ወይራ ሳይለቀም ከጓደኞቹ ጋር በትንሽ ጀልባ ወደ ጣሊያን ተነስቶ ድምፁ እንደ ጠፋ ብርዱ አልፎ ነበር። አሁን ከዚያው ጀልባ የተረፈ የታችኛው መንደር ጎረምሳ ከማዶ ተባርሮ መጣና፣ ማዕበሉ ሲገለብጠን ሸምሱ ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ለአባቱ ነገረው። ቡጀምዓ ይህን ለሚስቱ የሚናገርበት አንደበት ስላጣ ኻምሳን ለመናት።

ዙሊኻ ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጎረምሳው ዋና ይችል እንደሆነ ጠየቀች። አይችልም አሏት።

“እሱ ራሱ ውሃ እየጠጣ የሰው ልጅ ሲሰጥም በምን ዓይኑ አየ? ውሰጂው ቂጣሽን፣ እህቴ። እኔ ቤት የሞተ የለም።”

ኻምሳን በወጉ እስከ በሩ ሸኘቻት። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረችና እሳት አነደደች።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል። እዚህ ግን ውሃ የወሰደው ልጁን ነው፣ አረፋውን የጨበጠችው እናቱ ናት። ማን ይፈርድባታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠዋትም በቀትርም ትጋግር ጀመር። ሻካራውን የስንዴ ዱቄት በገበታው ላይ ታፈስስና የወይራ ዘይት ጠብ አድርጋ እህሉ ሁሉ ዘይት እስኪጠጣ በሁለት መዳፏ ታሸዋለች። ውሃውን የምትጨምረው በስስት ነው፤ ውሃ የበዛበት ቂጣ እንደ ጫማ ሶል ይጠነክራል ትላለች። ክብ አድርጋ ጠፍጥፋ የሸክላው ምጣድ ላይ ካሳረፈች በኋላ እንዳይነፋ በሹካ ጫፍ ትወጋጋዋለች። ሲበስል በአራት ትከፍለዋለች። አንዱ ሩብ የሸምሱ ነው፤ ተሸፍኖ ያድርና ጠዋት ለዶሮዎቹ ይሰጣል። ዱሮ ደረቅ እንጨት ነበር የምታነደው። አሁን ግን እርጥቡን የወይራ ቅርንጫፍ ትደባልቅበታለች፤ የሚፈለገው ጭሱ ነዋ። ጭሱን መንደሩ ሁሉ ያያል፣ እሳት ያለበት ቤት ደግሞ ለቅሶ አይደረስም።

ሴቶቹ መጀመሪያ አዘኑላት፣ ኋላ ሰለቹ። አንድ ቀን እሷ ምንጩ ጋ ውሃ ስትቀዳ አንዷ ለሌላዋ፣ ዙሊኻ ለዓሣ ትጋግራለች አለች፣ ጮክ ብላ። ዙሊኻ ጀሪካኗን ሞልታ ቀና አለች።

“አንቺ የጋገርሽውንማ ዓሣም አይበላው” አለቻት። ሴቶቹ ሳይወዱ ሳቁ። እሷ ቤቷ ደርሳ እሳቱ ላይ ሌላ እርጥብ ቅርንጫፍ ጨመረችበት።

የተጎዳው ቡጀምዓ ነው። ወንዶቹ ሻይ ቤት ሲያገኙት አላህ ያጽናህ እንዳይሉት ሚስቱ ታበስላለች፤ እንደ ደህና ሰው እንዳያጫውቱት ፊቱን እያዩ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ስለ ዝናብ ያወሩለታል። አስከሬን በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት እንዲያሰግዱለት ሼኩን ጠየቃቸው። እሳቸውም እናቱ አለ እያለች እንዴት ብዬ፣ መጀመሪያ ቤትህ ይስማማ ብለው መለሱት። ሁለት ጊዜ ዙሊኻን ለመናት፤ ሁለቱንም ጊዜ እንጨት ልታመጣ ተነስታ ሄደች።

ኋላ ምግብ ተወ። ቁርስ ሲቀርብለት ሆዴን ያመኛል እያለ ይወጣል። ዙሊኻ ፈራች፤ ልጅም ባልም ባንድ ዓመት እንዳይሆን አለች በልቧ። ወዲያው ያሰበችው ነገር አስደነገጣት፣ ልጅ የሚለውን ቃል ራሷ ነበረችና የጨመረችው።

አንድ ቀን በቀትር ትኩሱን ቂጣ ቋጥራ ልታጎርሰው ወደ ወይራው ማሳ ወረደች። ማሳው ውስጥ የለም። ስትመለስ በኻምሳ ቤት ጀርባ አቋረጠች፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጭኑ ላይ ነጩ ጨርቅ ተዘርግቷል። ያኝካል፣ ያለቅሳል፣ እንባው ጢሙ ውስጥ ይገባል። ኻምሳ በየቀኑ ጋግራ እያስቀመጠችለት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወው ኖሯል።

ዙሊኻ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ልጇን በድብቅ የቀበሩባት መሰላት።

ቡጀምዓ ሲያያት ከድንጋዩ ከፍ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

“የሸምሱ እናት፣ ለኔም እኮ ልጄ ነው” አላት። “አንቺ እሳቱን ካላጠፋሽልኝ የት ሄጄ ላልቅስለት?”

የምትመልሰው ነበራት። ያ ጎረምሳ ዋና አይችልም ልትል ነበር። ግን የባሏን እጅ አየች፤ ጥፋት ሲሠራ እንደ ተያዘ ሰው ቁራሹን ከጨርቁ ሥር ሊደብቅ ይዳብሳል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው በልጁ ሀዘን ሌባ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሌባ ያደረገችውም እሷ ናት።

የያዘችውን ቋጠሮ ድንጋዩ ላይ አኖረችና አጠገቡ ተቀመጠች።

“ቁረስልኝ” አለችው።

“የራስሽን ይዘሽ የለም እንዴ?”

“ከዚህኛው ቁረስልኝ፣ የሸምሱ አባት።”

ቆረሰላት። ለረጅም ጊዜ አኘከችው፣ በመጨረሻ ዋጠችው። ከዚያ እሪ አለች። ጩኸቷን የሰማችው ኻምሳ እየሮጠች ወጣች።

በማግስቱ ከዙሊኻ ግቢ ጭስ አልወጣም። የመንደሩ ሴቶች በየደጃፋቸው ቆመው አዩ። ማንም ማንንም ሳይጠራ እየገቡ ዱቄታቸውን አወጡ።