ውባለምና የጅረታችን ምስክሮች

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ፦ የጅረታችን ትሎች በሙሉ ጤንነት ማደራቸውን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ይቺን እንደ ልማዴ ለመምህርት ውባለም ልልክላት ስጽፍ ስልኬ ጮኸ። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። «ውባለም አረፈች» አሉኝ። «ሌላ ውባለም ትሆናለች፤ አጣሩ!» ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ። እሷው ናት።

ለማታውቋት፣ የልጆቻችን የባዮሎጂ መምህርት ነበረች።

ያኔ ከብቶቻችን ከጅረቱ እየጠጡ ይታመሙ ነበር። እኛ ሰማይ ሰማዩን ስናይ እሷ ጭቃውን አየች። ወንፊት የለበሱ ሁለት ሣጥኖች ሠርታ፣ የየቦታውን ጭቃ ጨምራ፣ ከደንጊያ ሥር የለቀመቻቸውን የውሃ ትሎች አስገባችባቸው። አንዱን ምንጩ አጠገብ፣ ሌላውን ከድልድዩ በታች ጅረቱ ውስጥ አሰረችው።

«ውሃውን በጠርሙስ ቀድተሽ አትመረምሪም?» ብላት፣

«አባባ፣ ውሃው ያልፋል፤ ጭቃው ግን ይዞ ይቀራል» አለችኝ። ይህችን ቃሏን ያልሰማ ማን አለ!

«ሣጥኑ ውስጥ ማንም ምንም እንዳይጨምር» ብላ መንደሩን አስጠነቀቀች።

በሦስተኛው ቀን ታችኛው ሣጥን ውስጥ በሶ ተገኘ፤ የጨመርኩት እኔው ነበርኩ።

«ምን ነካዎት አባባ?»

«እንግዳ አምጥተሽ ጦሙን ታሳድሪያለሽ እንዴ? አንጀቴ አልችል ብሎ ነው!»

ሳቋ ድልድዩን አነቃነቀው። ሥራዋ ግን ተበላሸ። እንደገና ጀመረች፤ እኔንም የሣጥኖቹ ዘበኛ አድርጋ ሾመችኝ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም በሕዝብ ፊት ከፈተቻቸው። የምንጩ ትሎች ይርመሰመሳሉ። የድልድዩ አልቀዋል። ከድልድዩ ከፍ ብሎ የባቄላ ኬሚካል መርጫ ይታጠብ ነበርና፣ ሁሉም ገባው። እሷ የማንንም ስም አልጠራችም።

ከዚያ ወዲህ መርጫ ይዞ ወደ ጅረት የወረደ የለም። ከብቶቻችንም ደኅና ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከድልድዩ በታች ደንጊያ ገልብጬ አየሁ፤ ትሎቹ ሞልተዋል። ይህን ያደረገችው የኛው የእስቴ ልጅ ናት! ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ።

ደኅና ሁኚ ልጄ። ዘበኛሽ ሥራውን አልለቀቀም።

ሳትርቂ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በሶው እውነት ነው፤ «አንጀቴ አልችል ብሎ» ያልኩሽ ግን የፈጠርኩት ነው። እዚያ መርጫ የሚያጥበው እኔ ነበርኩ። ትሎችሽ እንዳይመሰክሩብኝ ፈርቼ፣ ሥራሽን ላበላሽ ብዬ ነው።