አርባ ዓመት አረም የተባለው ዓሣ

የእህቴ ባል ስለ እኔ የሚያወራው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። በዚህች ዓለም ላይ ሌላ ነገር ሠርቼ የማላውቅ ይመስል፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እሱኑ ያነሣል። “ይህቺ ሴትዮ በብልቃጥ አረም ይዛ መጥታ ዓሣ ነው ብላ ልታስመዘግበኝ ነበር” ይላል። በሠርጉ ተናገረው። በልጆቹ ክርስትና ተናገረው። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ መጥቶ ካባዬን ሳላወልቅ ተናገረው። እህቴም ሁልጊዜ፣ ዛሬ ገና እንደሰማች ሰው፣ ትስቃለች። የእሱን ወሬ ለምጄዋለሁ። የእሷን ሳቅ ግን አልለመድኩትም።

ፊት ለፊት “ጋሼ” እና “እርስዎ” ነው የምለው። እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የእኔ ስለሆኑ “እሱ” እለዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በወጣትነታችን ነው። ሁለታችንም ቀይ ባሕር ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ የዓሣ ጥናት ጣቢያ እንሠራ ነበር፤ እሱ ኃላፊ፣ እኔ ናሙና ተቀባይ። ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው ያገኙትን እንግዳ ነገር ያመጡልናል። እኔ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እሱ ባለ ቀለም ሥዕል መጽሐፉን ዘርግቶ እያስተያየ ስሙን ይጽፋል። አንድ ቀን ከባሕሩ የኮራል አለት ዳር ተነቅሎ የመጣ አንድ ባልዲ የባሕር አረም ስገለብጥ፣ ከቅጠሎቹ አንዱ ዓይኑን አዞረብኝ።

ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። እንደ አረሙ አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩ እንደ አረሙ የተበጣጠሰ ነው፤ ውሃው ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል። ስነካው ቆዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረኝ። ከዓይኑ በላይ የተኛች አንዲት እሾህ ነበረችው፤ ቀጥ አድርጎ አቆማትና ወጋኝ። እሾህ ያለው አረም ብዙ አይቻለሁ፤ ተናዶ የሚያቆመው ግን አላጋጠመኝም። በትንሿ አፉ አንድ ቅጠል ነክሶ አልለቅም ስላለኝ ከነቅጠሉ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት።

ስሕተቴ ይኸው ነበር፤ የእሱ ስሕተት ደግሞ ተከተለ። ፎርማሊን ቀለም ይበላል። ኃላፊዬ ለሦስት ቀን ወደ አስመራ ወጥቶ ነበር። ለሥራ ነው ብሎኛል፤ የሄደው እህቴን ሊያይ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሲመለስ ዓሣውም ቅጠሉም አመድ መስለው ጠበቁት። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሣ፣ መጽሐፉን አገላበጠ፣ አመድ የመሰለ ዓሣ አጣ፣ “አረም” ብሎ ጻፈበት።

“ጋሼ፣ ይክፈቱትና በጣትዎ ይንኩት” አልኩት።

“አረም ልንካ?”

“እሾህ አለው።”

“ጽጌረዳም አለው” አለና ሳቀ። ብልቃጥ አጥሮን ስለነበር ደፍቼ እንዳጥበው አዘዘኝ። ደፍቼ አጠብኩት። ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ አረም ማለቱ ሳይሆን እኔ መድፋቴ ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮ፣ ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እህቴ ጉልበቷን ስላመማት ባሏን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የማድረሱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከኢምፔሪያል ቦሌ በሚኒባስ ሄድን። ጋቢና ካልተቀመጥኩ ብሎ ሁለት ሚኒባስ አሳለፈ፤ በሦስተኛው ሾፌሩ አጠገብ ተደላድሎ፣ ድሮ መንዳት እንዴት እንደነበር ለማያውቁት ሰው እስከ ቦሌ አስተማረ።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። እንግዳ መቀበያው ውስጥ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ሐኪሙ የባሕር ዓሣ ይወዳል አሉ፤ ጨው እየበጠበጡ ነው ውሃውን የሚሞሉለት። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ይመላለሳሉ። ጥግ ላይ አረም አለ። የእህቴ ባል ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ብርቱካኖቹን አየሁ። ከዚያ አረሙን ማየት ጀመርኩ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። ቅጠሎቹ ሁሉ ከውሃው ጋር ይወዛወዛሉ። አንደኛው ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚወዛወዘው። ተጠጋሁ። ጎኑ ላይ እንደ ሽፋሽፍት የምትርገበገብ ክንፍ አለችው። አፉ ቅጠል ነክሷል። አንድ ዓይኑ ብርቱካኖቹን ይከተላል፤ ሌላኛው እኔን ያያል።

“ስንት ዓሣ ነው ያላችሁ?” ብዬ እንግዳ የምትቀበለውን ልጅ ጠየቅኋት።

“ሁለት ናቸው ማዘር። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ገና እንደመጣ ጠፋ። የውሃ ማጣሪያው ፊልተር በልቶት ነው ተባለ።”

“ፊልተሩን ይቅርታ ጠይቁት” አልኳት።

የእህቴ ባል ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣ። ሦስት ጥርስ ተነቅሎለት፣ ጥጥ ነክሶ፣ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ነበር። ሐኪሙ እስከ በሩ ሸኘውና “ለአንድ ሰዓት እንዳይናገሩ” ብሎ አዘዘው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መልካም ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

ክንዱን ይዤ ገንዳው ፊት አቆምኩት። “ጋሼ፣ እስኪ እዚያ ጥግ ላይ ይዩ። ምንድን ነው?”

አየ። ትከሻውን ነቀነቀ። እጁን እንደ ቅጠል አወዛወዘልኝ። አረም ማለቱ ነው፤ ደንዝዞም እሱኑ ነው የሚለው።

ልጅቷን ትንሽ ምግብ እንድትጥል ለመንኳት። ቆንጥራ በተነችው። ብርቱካኖቹ ተሽቀዳደሙ። ያን ጊዜ አንዱ ቅጠል ቅጠሉን ለቀቀና ቀስ እያለ ወደ ምግቡ ወጣ። አንዱ ብርቱካን ሊገፋው ሲመጣ ግንባሩ ላይ ያለችውን እሾህ ቀጥ አደረጋት።

“ውይ፣ ፋዘር፣ ሦስተኛው” አለች ልጅቷ። “በሕይወት አለ እኮ።”

የእህቴ ባል መነጽሩን አወጣ። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ዓሣው በልቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ቅጠሉን ነከሰ፣ አረም ሆነ። እሱ ግን አሁንም ቀና አላለም፤ ጣቱን ብቻ መስታወቱ ላይ፣ እሾኋ ባለችበት ትክክል፣ አሳረፈ።

የቀጠሮ ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ልጅቷን በእጅ ምልክት እስክሪብቶ ጠየቃት። ጀርባው ላይ “ዓሣ ነው” ብሎ ጻፈልኝ።

“የዛሬውን አየሁት። የያኔውስ?” አልኩት።

ወደ ልጅቷ አየ። እሷ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ሌላ ምስክር አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ከሥሩ ጨመረበት፦ “ያኔም ዓሣ ነበር።”

ካርዱን ከእጁ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀጠሮው እዚያ ላይ እንደተጻፈ በጣቱ አሳየኝ። “ግድ የለም፣ ደውዬ አስታውስዎታለሁ” አልኩት።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቤተሰባችን በየተራ አንድ ቤት ይሰበሰባል። በዚያ ወር ተራው የእኔ ነበር፤ ገርጂ፣ እኔ ቤት። እውነቱን ለመናገር መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ካርድ የማውጣት ሐሳብ አልነበረኝም። ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ያንን ታሪክ አርባ ዓመት በራሱ አፍ ተናግሮታልና ማረሚያውንም በራሱ አፍ እንዲናገረው ፈለግሁ።

የእህቴ ልጅ እጮኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ ነበር። ምሳ እንደተነሣ የእህቴ ባል ወደ እሷ ዞረ። “ይህቺ ሴትዮ እንዲህ ዝም ያለች መስላሽ እንዳትታለዪ” አላት በተነቀለው ጥርሱ በኩል እያፏጨ። “በአንድ ወቅት በብልቃጥ...”

ሙሉውን ተናገረው። ከእነ ጽጌረዳው። አንዲት ቃል አልቀነሰም። ልጆቹ ሳቁ፤ እህቴም መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዓይኔን ሲያይ ግን ወዲያው ወደ ፍራፍሬ ሳህኑ አቀረቀረ።

ተነሥቼ ከመሳቢያው ካርዱን አመጣሁና እህቴ ፊት አስቀመጥኩት። እሱ ፊት አይደለም፤ እሷ ፊት። መነጽሯን እስክታገኝ ሁሉም ጠበቀ።

“ዓሣ ነው። ያኔም ዓሣ ነበር” ብላ አነበበች። “የአንተ ጽሑፍ ነው።”

“የኔ አይመስልም” አለ።

“አስመራ ሳለሁ ስትጽፍልኝ በነበረው እጅ ነው የተጻፈው። ደብዳቤዎቹን ላምጣቸው?”

“አፌ ደንዝዞ ነበር እኮ ያን ቀን።”

“እጅህም ደንዝዞ ነበር?”

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እጮኛይቱ ሳትቀር፣ ነገሩ ገና ሳይገባት፣ ሳቀች። እሱም በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረና “ይሁን፣ ዓሣ ነበር” አለ ጮክ ብሎ። እህቴ ግን አልሳቀችም። ካርዱን እንደያዘች አየችኝ። “ታዲያ እኔን ምን ያስቀኝ ነበር?” አለች።

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ረጅም ነው፤ በየዓመቱ የማሻሽለው። ዓይኗን ሳይ ግን የትኛው ዓመት ላይ እንደምጀምር ጠፋኝ። “ሙዝ ብይ” ብዬ ፍራፍሬውን ወደ እሷ ገፋሁት።

እሱ ካርዱን ከእጇ ወስዶ አገላበጠው። የፊቱን ገጽ አነበበ፣ እንደገና አነበበ። “ጥርሴን የሚያስገቡልኝ ባለፈው ሐሙስ ነበር እኮ” አለ። “ደውዬ አስታውስዎታለሁ አላልሽኝም?”

“ረሳሁት ጋሼ” አልኩት።

እኔ ነገር እንደማልረሳ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። እህቴ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ባሏ ባዶ ድድ አየች፤ መሐረቧንም አፏ ላይ አደረገች።