በቅጹ ላይ ስለ ጸጸት የጻፍኩት

ሳይኮሎጂ ያጠና ሰው የሰው ልብ ያነባል ይባላል። ውሸት ነው። የወንጀል ጥናት የጨመረበት ደግሞ ጥፋተኛውን ከዐይኑ ይለያል ይባላል። ይሄ የባሰ ውሸት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ተምሬያለሁና ከእኔ የተሻለ ምስክር አታገኙም፤ ባለፈው ወር ከደጄ ላይ ጫማዬን ማን እንደ ወሰደው እስካሁን አላወቅሁም።

ነገሩን ያነሣሁት የእኅቴ ልጅ ማኅሌት እሑድ ዕለት ከጂንካ ስለ ደወለችልኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ምርጫ እየሞላች ነው። «አጎቴ፣ ሁለቱን አጣምሬ ልማር ብዬ ነበር። እማዬ ግን እንደ አንተ ሥራ ፈት ጸሐፊ እንዳልሆን ፈራች» አለችኝ። እናቷ ከኋላ «ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም!» ስትል ይሰማኛል። ብላለች፤ እኅቴን ዐውቃታለሁ። በኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ሁለት ወር የሆነ ቦታ መሥራት ነበረብን። ጓደኞቼ አዲስ አበባና አዋሳ ሲሻሙ እኔ ወደ እናቴ ቤት መጣሁ፤ ጂንካ አንድ ማረሚያ ቤት ተቀበለኝ። ክረምቱ እያለቀ ነበር። ያኔ በከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ሣሩ ረዝሞ ከብት ይግጥበታል። ጠዋት ጠዋት በቆሎ እየጋጥሁ፣ ክላሴሬን በብብቴ ይዤ ሜዳውን አቋርጥ ነበር። ማረሚያ ቤቱ በር ስደርስ ከክላሴሬ ይልቅ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ይከብድ ነበር። ጂንካ ተወልጄ በማደጌ አገሩን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ግን አባቴ ሱቅ ድረስ የመጣውን ሰው ብቻ ነበር።

በሩ ላይ ጠያቂዎችን የሚመዘግበው አሥር አለቃ ወርቁ ነበር፤ ጡረታው የተቃረበ፣ ከሰው ጋር ሳይቀልድ መዋል የማይችል ሰው። እኔን «ዶክተሬ» ይለኛል። ሥራዬ የአመክሮ ጊዜያቸው የደረሰ ታራሚዎችን አነጋግሬ፣ ቀድመው ይፈቱ እንደ ሆነ ለሚወስነው ኮሚቴ አንዳንድ ገጽ መጻፍ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፌ እየቀዳሁ ቅጽ አዘጋጀሁ። «የቤተሰብ ድጋፍ»፣ «ለተጎጂው ያለው ስሜት»፣ «ጸጸት» የሚሉ ርእሶች ነበሩት። ቅጹ በጣም ያምር ነበር።

ኤልማ የሚባል ከቆላው፣ ከአርቦሬ የመጣ ታራሚ ነበር። ከብት ሲያጠጡ በውሃ ተጣልቶ የአንድ ሰው ክንድ በዱላ ሰብሯል። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ አጭርና በቂ።

«ስለ ጠቡ ንገረኝ» አልኩት።

«ጠብ የለም።»

«እጁን የሰበርከው ሰውዬስ?»

«አለቀ።»

«አይጸጽትህም?»

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «አለቀ አልኩህ እኮ! አንተ ምን ሆነህ ነው የምታነሣው?»

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መጽሐፉም ላይ አልነበረም። «ድርጊቱን ይክዳል። ስለ ተጎጂው ሲጠየቅ ይስቃል። ጸጸት አይታይበትም» ብዬ ጻፍኩ። በ«ቤተሰብ ድጋፍ» ሥር ደግሞ «ጠንካራ፤ ወንድሙ ሳያቋርጥ ይጠይቀዋል» አልኩ። በየረቡዑ ግራ እጁን ከለበሰው ጨርቅ ሥር የማያወጣ ሰው የማሽላ ገንፎ በቅል ይዞለት ሲመጣ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንዱ ቅል ሲበሉ በዐይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም ረጃጅሞች ነበሩ። ለወንድማማችነት ይሄ በቂ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ሰኞ ፈርሜ ለኮሚቴው አስገባሁ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዐርብ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሰውዬው እንደ ልማዱ መጣ። ወርቁ እየመዘገበው ጠራኝ።

«ዶክተሬ፣ ይሄ ማን መሰለህ?»

«የኤልማ ወንድም ነዋ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። «ወንድሙ! ጉዮ ነው እንጂ። ክንዱ የተሰበረው እሱ ራሱ ነው። እስቲ አሳየው ጉዮ!»

ጉዮ ጨርቁን ገለጠ። ክንዱ ጠምሞ ነው የገጠመው። አላዘነም፣ አላፈረም፤ እኔን እያየ ነበር። «ኤልማን ስለዚያ ነገር የጠየቅኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሽማግሌ ጨርሶታል። ከአንድ ቅል በልተናል። ከዚያ ወዲያ የሚያነሣ ሰው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ፍየል ያመጣል።»

«ሰማህ?» አለ ወርቁ። «ኤልማ ሲወጣ አንተ ልትገባ ነው።»

መንግሥት በራሱ ፍርድ ኤልማን አስሮታል፤ ሰዎቹ ግን በራሳቸው ፍርድ ነገሩን ዘግተውታል። ኤልማ «ጠብ የለም» ያለኝ ስለ ካደ ሳይሆን፣ የተዘጋውን መክፈት ነውር ስለ ሆነበት ነው። እኔ ደግሞ ተጎጂውን ራሱን የቤተሰብ ድጋፍ ብዬ ስመዘግበው፣ እዚያው ገጽ ላይ አጥፊው ለተጎጂው ደንታ የለውም ብያለሁ።

ጉዮ ገና አልጨረሰም። «ዐርብ ይፈታል አይደል? የወይጦ ወንዝ ሙላት ከማሳው እየሸሸ ነው። መሬቱ ሳይደርቅ ካልተዘራ የኤልማ ልጆች ምን ይበላሉ?»

ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄድኩ። ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አዳምጠውኝ፣ «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ ብለህ ጽፈህ አምጣ፤ ኮፒው ለመምህርህ ይላካል፤ ደንብ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥሩ ነገር ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል መምህሬ ሲያነበው፣ ውጤቴ ሲወርድ ታየኝ። ረቡዕ ከሰዓት ጀመርኩት፤ «ተጨማሪ መረጃ በመገኘቱ» እያልኩ አሳመርኩት። ሐሙስ ቀደድኩት። ዐርብ እኩለ ቀን ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ስደርስ ኮሚቴው የኤልማን አመክሮ ከልክሎ ሻይ እየጠጣ ነበር። ጽሑፌ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተያዘ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከስድስት ወር በኋላ ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ ለሁለቱም ራሴ ነገርኳቸው። ኤልማ ወደ ጉዮ ዞሮ፣ «ማሽላውስ?» አለ።

«እኔ እዘራዋለሁ» አለው ጉዮ።

«በአንድ እጅ?» አልኩ እኔ፣ ሳላስበው።

ሁለቱም አዩኝ። ወርቁ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «ሁለተኛ ፍየል» አለ።

መምህሬ፣ ለመረጃ ያህል፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት «ግሩም ትንተና» ብሎ አደነቀው። ሁለቱን መስመር «ስሜታዊ» አለው።

ኤልማ የካቲት ላይ ሲፈታ ለዕረፍት መጥቼ ነበር። አብረን ወረድን። ከቀይ አፈር ገበያ አንዲት ቀይ ፍየል ገዝቼ በአይሱዙ ጭነት ላይ በእግሮቻችን መሀል አቆምናት። ወይጦን አልፈን ወደ ቆላው ስንዞር ሙቀቱ ፊት ላይ ይጋረፋል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ኤልማ መንገዱን ሁሉ የፍየሏን ገመድ እንደ ያዘ ነበር። ማሳው ስንደርስ ቆመ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቀርቷል። መስመሩ ጠማማ ነው፤ አንዱ ጋ ተጠቅጥቋል፣ ሌላው ጋ ሳስቷል፤ ግን እስከ ጥጉ ድረስ ተዘርቷል። ጎተራው አጠገብ የኤልማ ልጆች ይሯሯጣሉ።

ፍየሏ ታረደች። ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላን፤ እሳት የላሰው ሥጋ ያለ ጨው እንዲያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፤ ጉዮ በአማርኛ ነገረኝ፦ «የአንተም አለቀ። ከእንግዲህ የሚያነሣብህ ጥፋተኛ ነው።»

«ሁለተኛዋስ ፍየል?» አልኩት።

«አነሣህ!» አለኝ፤ ከእሱ ሰምቼ የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ኤልማም ጉዮም አንድም ቀን አላነሡብኝም። አሁን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሌላ ፍየል ነድቼ መውረድ ይኖርብኛል። ይሁን።

ትናንት ለማኅሌት ደወልኩላት። ሁለቱንም ተማሪ አልኳት። የሰው ልብ እንድታነቢ ብዬ አይደለም። ያላነበብሽውን እንዳነበብሽ አድርጎ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ፣ በዚያ ወረቀት ደግሞ የማን ማሳ ሳይዘራ ሊያድር እንደሚችል በጊዜ እንድታዪ ነው። እናቷ ስልኩን ተቀብላ፣ «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች፣ ባልተስማማ ድምፅ።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ አንድ ሰው ጽፋችሁ የፈረማችሁበት፣ ልክ እንዳልሆነም የምታውቁት ወረቀት ካለ፣ ይሄን ጽሑፍ አስቀምጡና ሄዳችሁ አስተካክሉት። ዛሬ። ዐርብን አትጠብቁ።