የሚያኝከው ኮምፒውተርና አባባ ጩማ

አስካለች ጩማ ሶዶ ውስጥ ሦስተኛ ክፍልን በወላይትኛ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲገዛ ያስወገደውን አሮጌ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአውቶብስ ላከላት። ሆደ ትልቁ ስክሪን ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ ቦታ ተሰጠው፤ በማግሥቱም ዳንቴል ለበሰ። ባሏ ዳና ዳንቴሉ ሙቀት ያፍናል ብሎ ቢከራከርም እንግዳ በመጣ ቁጥር መልሳ ታለብሰዋለች።

አስካለች ኮምፒውተሩን የፈለገችው ለፈተና መጻፊያና ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መዝሙር ማስቀመጫ ብቻ አልነበረም። ሌላ ሐሳብ ነበራት። የተማሪዎቿ የወላይትኛ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ተረቶች ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃሉ። ልጆቹ ደግሞ ተረት አይጠግቡም፤ ያለቀውን ድገሚልን ይላሉ፤ ስትደግምላቸው ቀድመዋት ይጨርሱታል። ተረት የማያልቅበትን ሰው ግን ታውቃለች፤ የገዛ አባቷን።

አባባ ጩማ የቦምቤ ገበሬ ናቸው። እሳቸው ያልተቀመጡበት እርቅ በአካባቢው እርቅ አይባልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስማሙ ስለኖሩ በንግግር ሥርዓት ቀልድ አያውቁም። ተናጋሪ ሲናገር ሰሚ ይሰማል፤ ሰሚው ጎኑን ካከከ ወይም ወደ በሩ ካየ እሳቸው ያቆማሉ። በዚያ ዓመት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ለሕክምና ሶዶ መጡ። ሐኪሙ አይቶ ቀጠሮው ራቅ ያለ ነው ስላላቸው ልጃቸው ቤት ሰነበቱ። አስካለች የልቧ ደረሰ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማይክሮፎኑን ከለስላሳ ጠርሙስ አንገት ጋር በክር አሰረችና አባቷ ፊት አቆመችው። የመቅጃውን ምልክት ተጫነች። የማውሱ ጠቅታ እንዳይገባ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ዳናንም እንዳትንቀሳቀስ አለችው። አባባ ጩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጅብና ጦጣ በአንድ የእንሰት ማሳ የተካሰሱበትን ተረት ጀመሩ። ጅቡ ገና ዳኛው ፊት ሳይቆም ከጠረጴዛው ሥር ክርት፣ ክርት፣ ክርርር የሚል ድምፅ ተነሣ።

ሽማግሌው ተረቱን አቆሙ። የሚያወሩት በወላይትኛ ነበር።

«ማነው የሚያኝከው?»

«ማንም አይደለም አባባ፤ ኮምፒውተሩ ነው።»

«በልቶ ይጨርስ። ከዚያ አወራለታለሁ።»

ጠበቁት። አልጨረሰም። አባባ ጩማ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ። አስካለች የተቀዳችውን ቁራጭ ስትሰማት የአባቷ ድምፅ አለ፤ ከድምፃቸው ጋር ደግሞ አንድ ስግብግብ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አስካለችም ታውቃለች። ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ የሚባለው ዕቃ ውስጡ ይሽከረከራል፤ ሲያነብና ሲጽፍ ይንኮሻኮሻል፤ ከፊት ያለችው ትንሽ ቀይ መብራትም አብራው ብልጭ ድርግም ትላለች። ሥራ ሲሰጡት እንዲህ ቢል ያባት ነው። ይኼኛው ግን ሥራ የሰጠው ሰው የለም። ቀይዋ መብራት ቀኑን ሙሉ ስትጠቅስ ትውላለች።

መጀመሪያ የተነሣው ዳና ነው። ዳና ውሃ ልማት የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሁሉ ለእሱ ኩሽኔታው ያለቀ ነው። ኤሌክትሪክ በፈረቃ በሚጠፋበት በአንዱ ቀን ሣጥኑን ፈትቶ አቧራውን በብስክሌት መንፊያ ነፋለት። ድመት የሚያህል አቧራ ወጣ። ቀጥሎ የዘይት ጣሳውን ይዞ ሲያጎነብስ አስካለች ደርሳ እጁን ያዘችው፤ በዚያ ቀን ትዳሩም ኮምፒውተሩም የተረፉት ለጥቂት ነው። መብራት ሲመጣ ሣጥኑ ንጹሕ ሆኖ እንደ በፊቱ ማኘኩን ቀጠለ።

ከዚያ ሰላምአብ ተጠራ። ሰላምአብ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው። ለማንኛውም በሽታ ሁለት መድኃኒት አለው፤ መጀመሪያ አንቲቫይረስ ይጭናል፤ ያ እምቢ ካለ ፎርማት ያደርጋል። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ቫይረስ ነው ብሎ ፈረደ። ቀድሞ አንድ አንቲቫይረስ የነበረበት ላይ ሌላ ጨመረበት።

ኮምፒውተሩ ባሰበት። አንደኛው ጠባቂ የነካውን ፋይል ሁለተኛው ይጠረጥረዋል፤ ሁለተኛው የፈተሸውን አንደኛው መልሶ ይፈትሻል። አስካለች አንድ የፈተና ወረቀት ልትከፍት ተጭናው፣ ወጥ አማስላ ስትመለስ ገና እየተከፈተ አገኘችው። ሰላምአብ ተመልሶ መጣና ሌላ ነገር አየ፤ ሜሞሪው አነስተኛ ነው አለ። ጠረጴዛው ጠባብ የሆነ ሰው ወረቀቱን መሬት እያስቀመጠ እንደሚያነሣው፣ ይሄም ቦታ ሲያጣ ሥራውን ሃርድ ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ ያነሣል፤ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው ብሎ አስረዳት። አነጋገሩ አሳመናት። ሱቁ ውስጥ ከሞተ ኮምፒውተር ያወጣውን ሜሞሪ አምጥቶ ሰካላት፤ እውነትም ፋይሎቹ ቶሎ ቶሎ መከፈት ጀመሩ። ማኘኩ ቀነሰ እንጂ አልተወም። በተለይ አባቷን ስታስቀምጣቸው፣ እጇን ስትሰበስብና ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ልክ ይህንን ሲጠብቅ እንደነበረ ይጀምራል።

«ቲቸር፣ በቃ ፎርማት ይደረግ» አለ ሰላምአብ።

እሷ ግን አልተዋጠላትም። ፎርማት ማለት የመዘምራኑን መዝሙር ሁሉ መደምሰስ ነው፤ ሲዲ መገልበጫው ደግሞ ከመጣ ጀምሮ አይሠራም። ይቆይ አለችው። ሰላምአብም ቅር ሳይለው፣ ሐሳብሽን ስትቀይሪ ጥሪኝ የሚል ፊት አሳይቷት ሄደ።

በዚህ መሀል ማንም ያላሰበው ሰው ጉዳዩን ይከታተል ነበር። አስካለች ትምህርት ቤት፣ ዳና ሥራ ሲሄዱ አባባ ጩማ ሳሎን ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር ይውላሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ጠላታቸውን በጆሯቸው ይጠብቁታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበሉ ሳለ ጉዳዩን አነሡት።

«ይሄ ዕቃሽ ሰው ያያል» አሉ።

አስካለች ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሷ ስትቀመጥና ስትነካካው ዝም እንደሚል፣ እጇን አንስታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ትንሽ ጠብቆ መብላት እንደሚጀምር ነገሯት። ትናንት ዳና ካርታ ሲጫወትበት ድምፁን አልሰሙም፤ ዳና እንደተነሣ ግን ጀመረ። በእሳቸው አስተያየት ነገሩ የልማድ ሌባ ነው፤ ባለቤት ዘወር እስኪል ይጠብቃል።

አስካለች መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ጎደሬውን አስቀመጠች፤ እጇን ታጥባ ሄዳ ማውሱን ነቅነቅ አደረገች። ዝም። እጇን አነሣች፤ ጠበቀች። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ክርት፣ ክርት። ማውሱን ነካች፤ ቀጥ አለ። ደጋግማ ሞከረችው፤ አንድ ጊዜም አልተዛነፈም። እሷ ለድምፅ ጥራት ብላ እጇን በሰበሰበች ቁጥር ለማኘክ ፈቃድ ትሰጠው ኖሯል!

በዚያው ሳምንት ብልሃት አገኘሁ ብላ፣ አባቷ ሲያወሩ እሷ ማውሱን እያንቀሳቀሰች ልትቀዳ ሞከረች። ኮምፒውተሩ ጨዋ ሆነ። ማውሱ ግን የጠረጴዛው ልብስ ላይ ሲፋተግ ድምፁ ልብስ የሚያጥብ ሰው ድምፅ ሆኖ ገባ። አባባ ጩማም የሚንቀሳቀስ ጥላ እያዩ ሐሳባቸው ተበተነ፤ ዝንብ ነው የምታባርሪው ብለው ጠየቋት። ተረቱ ዳኛው ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ወደ ሰላምአብ ሱቅ ሄደች። አባቷ የሰሙትን፣ እሷም የሞከረችውን ነገረችው። ሰላምአብ ፎቶ ኮፒ ማድረጉን አቁሞ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን አከከ። ኢንዴክሲንግ የሚባል ነገር አለ አላት። ኋላ ሰው ፋይል ሲፈልግ ቶሎ እንዲገኝ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበ የት ምን እንዳለ ይመዘግባል። ባለቤቱን እንዳያስቸግር ደግሞ ይህን የሚያደርገው ማንም በማይነካው ሰዓት ነው። ማውስ ካልተነቃነቀ፣ ኪቦርድ ካልተጫኑ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ብሎ ያስባል። ሰላምአብ ይህን ለሌላ ሰው ራሱ አስረድቶ ያውቃል፤ እዚህ ቤት ሲደርስ ግን ቫይረስ የሚለው ቃል ቀድሞ አፉ ላይ ስለመጣለት ሌላ ማሰብ አላስፈለገውም ነበር። ይህንንም ሳይደብቅ ሲነግራት አብረው ሳቁ።

ባጃጅ ይዘው መጡ። ሰላምአብ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከጀርባ የሚሠሩት ነገሮች የተደረደሩበት ገጽ ውስጥ ገባ፤ ኢንዴክሲንጉን ፈልጎ አስቆመው፤ ሲከፈት በራሱ እንዳይነሣም ዘጋው። ራሱ የጨመረውን አንቲቫይረስ መልሶ አወጣ። የቀረውም ለካ ማንም በሌለበት ሰዓት ፈትሽ ተብሎ የታዘዘ ኖሯል፤ እሱን አስካለች ትምህርት ቤት በምትሆንበት ጠዋት እንዲፈትሽ አደረገው። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ሰብስበው ቀይዋን መብራት ማየት ጀመሩ። አንዴ ብልጭ አለች። ጠፋች፤ እንደጠፋችም ቀረች። ማራገቢያው ብቻ እንደተኛ ሕፃን ይተነፍሳል።

«ሞተ?» አሉ አባባ ጩማ።

አስካለች አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን በወላይትኛ ዘርዝራ አስረዳቻቸው። ሰው የለም ብሎ ሲያስብ ነው የሚያኝከው አለቻቸው።

«እኔ እያወራሁ?»

«እጅ ካልነካው ሰው መኖሩን አያውቅም አባባ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ከቦምቤ ድረስ መጥቼ» አሉ፣ «ፊቱ ተቀምጬ፣ የለም ተባልኩ።»

የእውነት አዝነዋል። ሽማግሌ ሲያዝን ደግሞ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ በዳይ ወገን ተነሥቶ አንድ ቃል መናገር አለበት። አስካለችና ዳና ተያዩ። ሰላምአብ ግን ገበያ ላይ በለመዳት ወላይትኛ እየተደናቀፈ ተነሣ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ዕቃው አፍ ስለሌለው በእሱ ፋንታ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ አላቸው። አባባ ጩማ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ፈልገው ነኩት። ይቅር ብያለሁ አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ ማንም አልሳቀም፤ ዳና ብቻ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያ ጅብና ጦጣ ዳኛ ፊት ቀረቡ። አባባ ጩማ ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ ጦጣዋን በቀጭኑ እያወሩ፣ ዳኛውን አንበሳ ደግሞ እንደ ራሳቸው ጉሮሮውን እያስጠረጉ ተናገሩ። ሰላምአብ የወላይትኛው ነገር ዘግይቶ ስለሚገባው ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ብቻውን ይስቃል፤ ይህም ተቀድቷል። የጎረቤት ዶሮና አንድ ባጃጅም ገቡ። እነዚህን ግን ሽማግሌው አልተቃወሟቸውም።

ትምህርት ቤቱ ቴፕ እንጂ ኮምፒውተር ስለሌለው አስካለች ተረቶቹን ወደ ካሴት ገልብጣ ወሰደቻቸው። ሦስተኛ ክፍል እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጦጣዋ ስትረታ ጨበጨቡ። ረድኤት የምትባል ፊት የምትቀመጥ ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ መጨረሻው ስሕተት ነው አለች፤ አረካ ያሉት አያቷ ሲነግሯት የተበደለውም የረታውም ጅቡ ነው።

አስካለች ይህን ለአባቷ ማታ ራት ላይ በጨዋታ መሀል ጣል አደረገችላቸው። ራቱ እንዳበቃ፣ ያቺ ሴት ትምጣ አሉ።

በመካከሉ ቀጠሮው ደርሶ አንደኛው ዓይናቸው ታከመላቸው። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ዳንቴል አይተው ቆንጆ ነው አሉ። የረድኤት አያት ወይዘሮ ዘነቡ ከአረካ በሚኒባስ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። አባባ ጩማ በታከመው ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና ወንበር አስቀረቡላቸው።

ሰላምታው፣ የከብቱና የእርሻው ደኅንነት ተጠያይቆ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አባባ ጩማ፣ ጅብ ተበድሎ ሰምተው እንደማያውቁ በትሕትና ገለጹ። ወይዘሮ ዘነቡም በትሕትና፣ ቦምቤ ያለው ጅብ ሌላ ይሆናል አሉ። አስካለች ቀስ ብላ መቅጃውን ተጫነች፤ እጇን ሰበሰበች። ሁለቱ ሽማግሎች ወንበራቸውን አቀራርበው፣ የእንሰቱን ማሳ ድንበር ከመጀመሪያው ጀምሮ ይለኩ ጀመር።